ካርሎስ ሞሬኖ እና የአሥራ አምስት ደቂቃ ከተማ



በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2023 ሁለት ሺህ የሚሆኑ ሰዎች በእንግሊዟ ኦክስፎርድ ከተማ ሰልፍ ወጡ። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከቤት ያወጣቸው የኑሮ ውድነት ወይም ጦርነት አልነበረም፤ «የአሥራ አምስት ደቂቃ ከተማ» የሚባል የከተማ ፕላን ሐሳብ ነው። መንግሥት ሰፈራችንን በካሜራ ሊያጥረው ነው፣ ከቤቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ርቆ የተገኘውን ሊቀጣ ነው የሚል ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ተነዝቶ ብዙዎቹ አምነውት ነበር። ከሰልፉ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ኒክ ፍሌቸር የተባሉ የወግ አጥባቂው ፓርቲ እንደራሴ ጉዳዩን ፓርላማ ድረስ አምጥተው፣ ሐሳቡ ዓለም አቀፍ የሶሻሊስቶች ውጥን ነው ብለው አውግዘውታል።

እውነቱ ከወሬው በጣም ያነሰ ነበር። የኦክስፎርድሺር አውራጃ ምክር ቤት በ2022 መጨረሻ ያጸደቀው፣ በስድስት መንገዶች ላይ የግል መኪናን እንቅስቃሴ በካሜራ የሚገድብ ሙከራ ነው። አውቶቡስ ያልፋል፣ ብስክሌት ያልፋል፣ እግረኛ ያልፋል፤ ባለመኪናውም በቀለበት መንገዱ ዞሮ የፈለገበት ይደርሳል። የከተማዋ ምክር ቤት፣ ይህ ሌላ አካል ነው፣ ለብቻው ባዘጋጀው የረጅም ጊዜ ፕላን ረቂቅ ደግሞ ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱና ሐኪሙ ለነዋሪው ይቅረቡ ይላል። ሁለቱ ወረቀቶች በሰው አእምሮ ውስጥ ተደባለቁና «ሊያስሩን ነው» የሚል ታሪክ ተወለደ።

የዚህ ሁሉ ቁጣ ዳፋ ኦክስፎርድን በማያስተዳድር፣ በዚያ ውሳኔም እጁ በሌለበት አንድ የፓሪስ ፕሮፌሰር ላይ ወደቀ። ለእሳቸውም ለቤተሰባቸውም የግድያ ዛቻ ይጎርፍ ጀመር። ዕድሜያቸውን በስሌትና በኮምፒዩተር ላይ ያሳለፉት እኚህ ሰው ካርሎስ ሞሬኖ ይባላሉ። የዛሬው ንግግር ስለ እሳቸውና ስለ ሥራቸው ነው።

ሞሬኖ የተወለዱት በ1959 በኮሎምቢያ፣ በአንዲስ ተራሮች ላይ በምትገኘው ቱንሃ ነው። ቱንሃ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት፤ የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ሰው አየሯን ለመገመት አይቸገርም። ወላጆቻቸው ገበሬዎች ነበሩ። ኮሎምቢያ በዚያ ዘመን በሽምቅ ውጊያና በአፈና የምትታመስ አገር ስለነበረች፣ ወጣቱ ሞሬኖ ገና በሃያ ዓመታቸው፣ በ1979፣ የፖለቲካ ስደተኛ ሆነው ፈረንሳይ ገቡ።

እዚያ የተማሩት ከተማ መንደፍን አልነበረም። ሒሳብ፣ ኮምፒዩተርና ሮቦቲክስ ነው። በፓሪስ ዙሪያ በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያስተምሩና ሲመራመሩ ቆይተው በ1998 ሲኖቪያ የሚባል ኩባንያ መሠረቱ። ሥራው በአጭሩ ይህ ነው፦ በሕንፃና በተቋማት ውስጥ ሴንሰር ይተከላል፣ መረጃው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ኮምፒዩተሩ መብራቱን፣ ሙቀቱን፣ በሩንና አደጋውን ከርቀት ይከታተላል። በ2010 ኩባንያውን ጂዲኤፍ ስዌዝ፣ ዛሬ ኤንጂ የሚባለው የኃይል ድርጅት፣ ጠቀለለው። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ሌዢዮን ዶነር የተባለውን ኒሻን ሸለመቻቸው። ስደተኛው የገበሬ ልጅ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ኩባንያቸውን ሸጠው፣ ኒሻናቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ማረፍ ይችሉ ነበር።

ጊዜው «ስማርት ሲቲ» የሚባለው ነገር በየጉባኤው የሚነግሥበት ነበር። አይቢኤም ለሪዮ ዴ ጃኔሮ ግዙፍ የመቆጣጠሪያ ማዕከል ሠርቶ በ2010 መጨረሻ አስመረቀ፤ ግድግዳ የሚያህሉ ስክሪኖች የትራፊኩን፣ የዝናቡንና የመሬት መንሸራተቱን መረጃ ሌት ተቀን ያሳያሉ። የዓለም ከንቲባዎች ያንን ክፍል እየጎበኙ ተደነቁ፣ እኛም ይኑረን አሉ። ሞሬኖ የዚህ ዕውቀት ባለቤት ነበሩ፤ ከማንም በላይ ሊሸጡት የሚችሉ ሰው ናቸው። በሥራው ውስጥ እየቆዩ በሄዱ ቁጥር ግን ጥያቄያቸው ተለወጠ። ሴንሰሩ መኪናው ከመጨናነቅ ቶሎ እንዲወጣ ይረዳል። ሰውዬው በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ ግን ሴንሰሩ አይጠይቅም።

የሞሬኖ የሳይንስ ሕይወት ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከዚያ በፊት የደከሙት ጉዞን ለማቀላጠፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ የደከሙት ጉዞው ራሱ እንዳያስፈልግ ነው።

በዲሴምበር 2015 የአየር ንብረት ጉባኤ በፓሪስ ተካሄደ፤ የፓሪስ ስምምነት የሚባለው የጸደቀበት ነው። መንግሥታት ስለ ድንጋይ ከሰልና ስለ ነዳጅ ሲከራከሩ ሞሬኖ ወደ ከተሞች አመለከቱ። በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ «የሩብ ሰዓት ከተማ» ያሉትን ሐሳብ ለሕዝብ አቀረቡ። ሐሳቡን ሕፃን ልጅም ሊረዳው ይችላል። የከተማ ሰው ስድስት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ መኖሪያ፣ ሥራ፣ መሸመቻ፣ መታከሚያ፣ መማሪያና መዝናኛ። እነዚህ ከቤቱ በእግር ወይም በብስክሌት አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይገኙለት። በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ማለት ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው።

መለኪያው ጊዜ መሆኑ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የገጠር ሰው ገበያው ስንት ኪሎ ሜትር ነው ቢሉት «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ይላል፤ ትክክልም ነው፤ የሚያልቀው ጉልበቱና ቀኑ ነውና። የከተማ መሐንዲስ ግን በሜትርና በመኪና ቁጥር ሲያስብ ኖሯል። ሞሬኖ ያንን ስሌት ወደ ሰው ቀን መለሱት።

ሐሳቡ ከባዶ አልተነሣም፤ ሞሬኖም ከባዶ አመጣሁት አይሉም። አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ በ1929 ሰፈር ማለት መሐሉ ላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው፣ ልጆች ዋና መንገድ ሳያቋርጡ በእግራቸው የሚደርሱበት ቦታ ነው ብሎ ንድፉን አውጥቷል። ስዊድናዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ቶርስተን ሄገርስትራንድ በ1970 የሰው እንቅስቃሴ ሁሉ በሃያ አራት ሰዓት የታጠረ መሆኑን አስረድቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጄን ጄከብስ አለች። ፕላን በትምህርት ቤት ያልተማረች የኒውዮርክ ጋዜጠኛ ስትሆን፣ በ1961 ባሳተመችው መጽሐፍ የከተማን ሕይወት ከመስኮቷ ሥር ከምታየው የእግረኛ መንገድ ተነሥታ አስተማረች፤ ሱቁ፣ መኖሪያውና መሥሪያ ቤቱ የተደባለቁበት መንገድ ሰው የማይለየው፣ ስለዚህም ደኅንነቱ የተጠበቀ መንገድ ነው አለች።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከታወቀ ከተሞች ለምን ተበታተኑ? ሆን ተብሎ ነው። በ1925 አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ የፓሪስን መሐል ሰፊ ክፍል አፍርሶ በምትኩ አሥራ ስምንት ሰማይ ጠቀስ ማማዎችና ሰፋፊ የመኪና ጎዳናዎች ለመትከል ፕላን አቀረበ። ፕላኑ የተሰየመው በደጋፊው፣ መኪናና አውሮፕላን ይሠራ በነበረው በጋብሪኤል ቩዋዛን ስም ነው፤ ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ያ ፕላን አልተሠራም። ይሁንና እነ ለ ኮርቡዚዬ በ1933 የተስማሙበት የአቴና ቻርተር የሚባለው ሰነድ መኖሪያ ለብቻ፣ ሥራ ለብቻ፣ መዝናኛ ለብቻ፣ በመካከላቸው ትራንስፖርት የሚለውን አሠራር በዓለም ዙሪያ አስፋፋ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩት ብዙዎቹ ከተሞች በዚህ መልክ የተቆረጡ ናቸው። ፓሪስም በ1967 በሴን ወንዝ ቀኝ ዳርቻ ፈጣን የመኪና መንገድ ዘረጋች፤ ውኃው ዳር ቁጭ ብሎ ይዝናና የነበረ ሰው ቦታውን ለሞተር ለቀቀ።

እንግዲህ ሐሳብ በመጽሐፍ ውስጥ ብዙ ዓመት ሊተኛ ይችላል። የሞሬኖን ሐሳብ የቀሰቀሱት የያኔዋ የፓሪስ ከንቲባ አን ኢዳልጎ ናቸው። ኢዳልጎ የስፔን ስደተኞች ልጅ ናቸው፤ በ2014 ተመርጠው በ2016 ያንን የወንዝ ዳር መንገድ 3.3 ኪሎ ሜትር ያህሉን ለመኪና ዘግተው ለእግረኛ ከፈቱት። ባለመኪናዎች ተቆጡ፣ ክስ ቀረበ፣ ፍርድ ቤት ተኬደ። ከንቲባዋ አላፈገፈጉም። በ2020 መጀመሪያ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ የአሥራ አምስት ደቂቃ ከተማን የዘመቻቸው ዋና ቃል ኪዳን አደረጉት፤ በጁን ወር አሸንፈው ለዚሁ ሥራ ተጠሪ የሆነ ምክትል ከንቲባ ሾሙ።

በመካከሉ ኮሮና ገብቷል። ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶበት ከደጁ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ብቻ መሄድ ሲፈቀድለት፣ ሰፈሩ ምን እንዳለውና ምን እንደሌለው ያን ጊዜ አየ። በሜይ 2020 የሪቮሊ ጎዳና፣ በሉቭር ሙዚየም ደጅ የሚያልፈው ትልቁ የፓሪስ መንገድ፣ በአብዛኛው ለብስክሌትና ለእግረኛ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት በጁላይ ሲ ፎርቲ የሚባለው የታላላቅ ከተሞች ማኅበር ከወረርሽኙ ለማገገም ባወጣው ዕቅድ አባል ከተሞች የአሥራ አምስት ደቂቃን አሠራር እንዲከተሉ መከረ። የደቡብ ኮሪያዋ ቡሳንን ጨምሮ ብዙ ከተሞች ቃሉን በፕላናቸው ላይ ጻፉት።

ፓሪስ ውስጥ የተሠራውን በቅርብ ማየት ይሻላል፤ ስለ ከተማ ሲወራ ሰማይ ሰማዩን ማየት ቀላል ነውና።

በመጀመሪያ የትምህርት ቤቱን በር እንመልከት። በየትምህርት ቤቱ ደጅ ጠዋትና ማታ ወላጆች በመኪና የሚጨናነቁበት አጭር መንገድ አለ። ፓሪስ ከ2020 ወዲህ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን እነዚህን መንገዶች «የትምህርት ቤት መንገድ» አደረገቻቸው። በመንገዱ ጫፍ መኪና የሚከለክል ማገጃ ቆመ፤ በብዙዎቹ ላይ አስፋልቱ ተቆርሶ አፈር ወጣ፣ ዛፍ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። ልጆች ሲለቀቁ ወላጅ የልጁን እጅ ለቆ ከጎረቤቱ ጋር መጨዋወት ይችላል። የትምህርት ቤቱ ግቢም ቅዳሜ ለሰፈሩ ሰው ይከፈታል፤ አዲስ መሬት ሳይገዛ ሰፈሩ መናፈሻ አገኘ ማለት ነው። አንድ ቦታ በሳምንት ውስጥ ሁለት ሦስት አገልግሎት ይስጥ የሚለው የሞሬኖ ምክር ሥራ ላይ ሲውል ይህን ይመስላል።

ማሬ በሚባለው ውድ ሰፈር ደግሞ የሚኒም ካምፕ የሚባል የድሮ የጦር ሰፈር ነበር። ግቢው የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ቆይቷል። ከተማዋ ሕንፃዎቹን አድሳ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጥ መኖሪያ አደረገቻቸው፤ ከሥር የእጅ ባለሙያዎች መሥሪያ፣ ክሊኒክና የሕፃናት ማቆያ ገባ፤ የመኪና ማቆሚያው የሕዝብ አትክልት ቦታ ሆነ። በዚያ ሰፈር በገበያ ዋጋ ቢሆን ኖሮ አንድ ክፍል የመከራየት ተስፋ ያልነበረው ቤተሰብ ዛሬ እዚያ ይኖራል።

ለሞሬኖ ሐሳብ እግር የሰጠው ግን፣ እንደ እኔ ፍርድ፣ ብዙ የማይወራለት የሱቅ ጉዳይ ነው። ሰው ደጁ ላይ ዳቦ ካልተሸጠ መንገዱ ምንም ያህል ቢያምር መኪናውን ማስነሣቱ አይቀርም። ዳቦ ቤት ደግሞ ኪራይ ሲወደድበት ይዘጋል። በ2004 የፓሪስ ከተማ ሴማኤስት ለሚባለው የራሷ የልማት ድርጅት አንድ ሥልጣን ሰጠች። በተመረጡ መንገዶች ላይ ሱቅ የሚሸጥ ሰው አስቀድሞ ለከተማዋ ማሳወቅ ነበረበት፤ ድርጅቱ ከፈለገ በቅድሚያ ይገዛ ነበር። ገዝቶም ያድሰው ነበር፣ ከዚያ ሰፈሩ ለጎደለው ሙያ፣ ለዳቦ ጋጋሪ፣ ለመጽሐፍ ሻጭ፣ ለጫማ ሠሪ፣ በሚችለው ኪራይ ያከራየው ነበር። በአሥራ አንደኛው ወረዳ ሴዴንና ፖፔንኩር በሚባሉት መንገዶች ሱቁ ሁሉ በልብስ ጅምላ ነጋዴ ተይዞ፣ ነዋሪው አትክልት የሚገዛበት አጥቶ ነበር፤ ሱቆቹ አንድ በአንድ እየተገዙ ወደ ሰፈሩ አገልግሎት ተመለሱ። በላቲን ሰፈር ደግሞ በዚሁ መንገድ መጽሐፍ መደብሮች ከመዘጋት ድነዋል። በ2024 የወጡ ዘገባዎች እንደሚሉት ከፓሪስ ሱቆች 19 በመቶው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የከተማዋ ንብረት ናቸው። ከነዋሪዋም ሩብ ያህሉ የሚኖረው በሕዝብ ቤት ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ 13 በመቶ ነበር።

ይህን ያህል በዚህ ነጥብ ላይ የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሞሬኖን ሐሳብ የሚያደንቁ ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚገለብጡት ቀለሙን ነው፦ ብስክሌት መንገዱን፣ የአበባ ማስቀመጫውን፣ አግዳሚውን። ሱቁን ገዝቶ በአነስተኛ ኪራይ ማከራየት ገንዘብም ቆራጥነትም ይጠይቃል፤ ፎቶግራፍ ላይም አያምርም።

ውጤቱስ? የፓሪስ አካባቢ የፕላን ተቋም በ2022 እና 2023 ሰዎችን በጂፒኤስ እየተከታተለ ባጠናው መሠረት፣ በፓሪስ ውስጥ ከሚደረጉ ጉዞዎች 11 በመቶ ያህሉ በብስክሌት ነው፤ በመኪና የሚደረገው ከ5 በመቶ በታች ወርዷል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ የእግር ነው። የአየር ጥራትን የሚለካው ኤርፓሪፍ ከ2005 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ በግማሽ፣ ደቃቁ ብናኝ ደግሞ 55 በመቶ መቀነሱን አስታውቋል። ሁሉም የሞሬኖ ወይም የኢዳልጎ ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ የሞተሮች መሻሻልም የአውሮፓ ሕግም ድርሻ አለው። መኪና የቀነሰበት ከተማ የሚተነፍሰው አየር ግን ተለውጧል።

ተቺዎቻቸውን መዝለል ለሞሬኖም ክብር አይሆንም። ሴራ የሚያወሩትን እንተዋቸው፤ ቁም ነገር የያዙ ተቺዎች አሉ። የሃርቫርዱ ኢኮኖሚስት ኤድዋርድ ግሌዘር በ2021 ሐሳቡን አምርረው ነቅፈውታል። ከተማ ማለት፣ ይላሉ፣ ድኻው ከሰፈሩ ወጥቶ ዕድሉን የሚፈልግበት፣ ከማይመስለው ሰው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ሁሉም በየመንደሩ ከተወሰነ ሀብታሙ የሀብታም መንደር፣ ድኻው የድኻ መንደር ይዞ ይቀራል። ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናትም ወጥቷል። በ2024 የታተመ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ሥራ የ40 ሚሊዮን የአሜሪካ ስልኮችን እንቅስቃሴ መርምሮ፣ መካከለኛው አሜሪካዊ ለፍጆታ ከሚያደርገው ጉዞ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ክልል ውስጥ የሚያልቀው 14 በመቶው ብቻ መሆኑን አገኘ። የሚያሳስበው ቀጣዩ ነው፤ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በሰፈራቸው ብቻ በተወሰኑ ቁጥር ከሌላው ኅብረተሰብ ተለይተው የሚኖሩበት መጠን ይጨምራል።

ፓሪስ ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። በ2020 አካባቢ የአንድ ካሬ ሜትር ቤት አማካይ ዋጋ ከ10 ሺህ ዩሮ አልፎ ነበር። የከተማዋን ሆቴልና ቢሮ የምታጸዳው ሴት፣ ብዙ ጊዜ ከአፍሪካ የመጣች፣ የምትኖረው ከተማዋን ከሚከበው ቀለበት መንገድ ውጭ ነው። ሌሊት ተነሥታ ባቡር ትይዛለች። ሞሬኖ ይህ ይገባቸዋል። ሕዝብ ተራርቆ ለሚኖርባቸው አካባቢዎች «የሠላሳ ደቂቃ ክልል» የሚል ሐሳብ ጨምረዋል፤ አሥራ አምስት ደቂቃው ለሁሉም ሊቀርብ የሚገባ ዝቅተኛ አገልግሎት እንጂ ድንበር እንዳልሆነም ደጋግመው ያስረዳሉ። ከጓደኞቻቸው ጋር በ2021 ባሳተሙት ጥናት ላይም የሰው ጥግግት፣ ቅርበት፣ ስብጥርና ዲጂታል አገልግሎት አብረው ካልሄዱ ሐሳቡ እንደማይሠራ ጽፈዋል። ስብጥር የምትለዋ ከአራቱ የከበደችው ናት። ከንቲባ በወረቀት ሊያዝዛት አይችልም፤ ቤት ሠርቶ፣ ኪራይ ደጉሞ፣ የባለጸጋውን ሰፈር ቁጣ ችሎ ነው የሚያመጣት። እዚህ ላይ ግሌዘር ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ መፍትሔው ግን ሱቁንና ክሊኒኩን ማራቅ አይመስለኝም።

ሽልማቱ በአጭሩ ይታለፍ። በ2021 የዴንማርኩ ኦቤል ሽልማት፣ በ2022 የተባበሩት መንግሥታት የሰው አሰፋፈር ፕሮግራም የክብር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ዛሬም በሶርቦን የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። ሮቦት ሲሠሩ የኖሩት ሰው ዛሬ ተማሪዎቻቸውን ስለ ዳቦ ቤት ማስተማራቸው የሚገርም ከሆነ፣ የሚገርመው እስከ ዛሬ ሳይንቲስት ስለ ዳቦ ቤት ብዙ አለማሰቡ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ፓሪስና አዲስ አበባ የሚገናኙበት አንድ ነገር አለ፤ በሁለቱም ከተሞች ከጉዞው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ቁጥሩ ይመሳሰላል፤ የእግሩ ምክንያት ግን ለየቅል ነው። ፓሪሳዊው በእግሩ የሚሄደው የሚፈልገው ነገር ቅርብ ስለሆነ ነው። የእኛ ሰው በእግሩ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ታክሲ ጠፍቶ ወይም የታክሲው ሒሳብ ኪሱን ስለሚጎዳ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች በወር አንድ ቀን ከመኪና ነጻ ሲደረጉ ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ አይተናል። በዚሁ በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን አስፍቷል፣ የብስክሌት መንገድ ዘርግቷል፣ መብራት አብርቷል። ይህ መልካም ነው። በዚያው ሥራ ከፒያሳና ከካሳንቺስ የተነሡ ነዋሪዎች ግን ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል። ከመካከላቸው ትናንት በእግሩ ሥራ ይገባ የነበረ፣ ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ታክሲ ቀያይሮ የሚገባ አለ። የድሮው ሰፈር ሽንት ቤቱ የማይረባ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቢሆንም ጉሊቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና እድሩ እዚያው ነበሩ። ሞሬኖ በስድስት የከፈሉትን ፍላጎት፣ ከንጹሕ ቤት በቀር፣ ሰፈሩ በራሱ ጊዜ አሟልቶት ነበር።

የኮንዶሚኒየሙን ታሪክ ደግሞ ከሴማኤስት አጠገብ አስቀምጡት። ጀሞም ሆነ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ከሕንፃዎቹ ሥር ሱቅ እንዲኖር ታስቦበታል፤ ንድፉ ላይ ጥፋት የለም። ነገር ግን በምድር ወለል ያሉት የንግድ ቤቶች ለጨረታ ቀርበው ከፍተኛ ዋጋ ለሰጠው ተሸጡ። ያን ያህል ከፍሎ የገዛ ሰው በሽንኩርትና በቲማቲም ትርፍ ገንዘቡን አይመልስም፤ የሚያከራየው የተሻለ ለሚከፍለው ነው። ፓሪስ ሱቁን ገዝታ ለዳቦ ጋጋሪው በአነስተኛ ኪራይ ስትሰጥ፣ እኛ ሱቁን ይዘን ሳለ ለተጫራች ሸጥነው። በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ ነው፤ የከተማዋ ካዝና በጨረታው ያገኘውን ገንዘብ ነዋሪው በታክሲ ሒሳብ መልሶ ይከፍለዋል።

እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለሕዝብ ማቅረብም ብቻውን አይበቃም፤ ፓሪሳውያን በማርች 2025 አምስት መቶ ተጨማሪ መንገዶች ለእግረኛ ይለቀቁ ወይስ አይለቀቁ ተብለው ተጠይቀው 66 በመቶው ይለቀቁ ብሏል። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ግን ከመራጩ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ከውይይትና ከድምፅ የሚቀረው ተጠይቆ የማያውቅ ሕዝብ ብቻ አይደለም፤ የሚጠየቀውም ይቀራል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የሰፈራችሁ ፕላን ለውይይት ሲቀርብ አትቅሩ። የእግረኛ መንገዱ ስንት ሜትር እንደሚሰፋ ሲነገራችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ቀጥላችሁም እነዚህን ጠይቁ፦ በምድር ወለል የሚሠሩት ሱቆች የሚሰጡት ለማን ነው? በስንት ኪራይ? ጉሊት የምትቸረችረው እናት ቦታ ተይዞላታል? ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ የሚከፈቱት ሰው ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ ከገባ ከስንት ዓመት በኋላ? የሚመልስላችሁ ኃላፊ መልሱን በቃለ ጉባኤ ያስይዝ፤ ቀኑንም አብራችሁ አስጽፉ።